አልሞት ያለው ቦይለር

ማስተዋልን የሚያውቋት ሁሉ ትዕግሥቷን ያነሳሉ። ቢቸና ውስጥ በነርስነት ስትሠራ ጠጉሯ ሸብቷል። መርፌ ፈርቶ አልጋ ሥር የገባ ጎልማሳ አባብላ አውጥታለች። ምጥ ጠንቶባት የሰደበቻትን ወላድ እጇን ሳትለቅ አዋልዳለች። የታዘዘለትን መድኃኒት ከጎረቤቱ ጋር ተካፍሎ ውጦ «ምነው አልሻለኝም?» ብሎ ለመጣ ሽማግሌ እንኳ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ የመታጠቢያ ቤቷ በር ላይ ቆማ፣ ጠጉሯ ላይ የሻምፖ አረፋ እንደተቆለለ፣ ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀስራ ስትጮኽ የተሰማችው።

ጎረቤቷ አስናቀች በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«ማስተዋል! ምነው? ማን መጣብሽ?»

«ማንም አልመጣ! ይሄ የተረገመ ቦይለር ነው! ዛሬም አረፋዬን ሳልጨርስ ቀዘቀዘብኝ!»

ቦይለሩ የተሰቀለው ቤቱ በተሠራበት ዓመት ነው። ባሏ ደምለው የሞጣ ልጅ፣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የቢቸና የጧት ብርድ አጥንቱ ድረስ ስለሚገባ፣ ቤት ሲሠራ ከሁሉ አስቀድሞ ያሰበው ሙቅ ሻወር ነው። ግድግዳው ገና ሳይለሰን ቦይለሩ የሚሰቀልበትን ቦታ በጠመኔ አክብቦበት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ስጦታው ዕቃውን ከሞጣ በአይሱዙ ጭነው አመጡለት፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ እየተሳሳቁና እየተሰዳደቡ ሰቀሉት። ደምለው ጥቂት ዓመት ታጥቦበት፣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ደረቱን ይዞ ወደቀ። አልተነሳም።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ብልሽት ሁሉ የጋሼ ስጦታው ሥራ ሆነ። ጋሼ ስጦታው መካኒክ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሆድ ሥር ተጋድመው ኖረዋል፤ ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን ሞተር አስነስተው መንገድ ያስገባሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ማስተዋልም ይህን አትክድም። ወንድማቸው ሲሞት ሐዘንተኛውን ሁሉ ተቀብለው የሸኙ፣ የሟች ልጅ ጸደንያ ትምህርቷን እስክትጨርስ እንደ አባት የቆሙ እሳቸው ናቸው። ችግሩ ከብረት የተሠራ ነገር ያረጃል ብለው አለማመናቸው ነው። ቦይለር ደግሞ በእሳቸው ዓይን ጎማ የሌለው መኪና ነው።

መጀመሪያ ውሃው ቀላ። ቀዝቃዛው ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ሙቁ ግን የቆየ ሻይ መስሎ ይመጣል። የማስተዋል ነጭ ጋዋን ከታጠበ በኋላ ሳይሆን ከመታጠቡ በፊት ነበር የሚነጣው። ነገሩን በስልክ ስትናገር ጋሼ ስጦታው በማግስቱ የብረት መሣሪያ ሳጥናቸውን ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ። ቦይለሩን ፈተው፣ ከሆዱ ጭቃ የመሰለ ነገር በባልዲ አውጥተው፣ አጥበው መልሰው ገጠሙት። «ዝገት ነው፤ ታጠበ፣ አለቀ» አሉ። ውሃው ጥቂት ሳምንት ጠርቶ እንደገና ቀላ።

ቀጥሎ መጮኽ ጀመረ። ሲሞቅ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ የሚንከባለል ይመስል ይንጓጓል። እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ «ምንድን ነው እሱ?» ሲል ማስተዋል «ቡና ላምጣ» ብላ ትነሳለች። ጋሼ መጡ። ውስጡ ያለውን ማሞቂያ ብረት አውጥተው የለበሰውን ነጭ ቅርፊት በመዶሻ ሲያራግፉ ዋሉ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል፣ ኮሪደሩ፣ ሶፋው ሳይቀር ነጭ ትቢያ ጠጣ። «ውሃችሁ ኖራ አለው፤ ቦይለሩ ምን ያድርግ?» ብለው ጥፋቱን ከቦይለሩ ላይ አንስተው የቢቸና ውሃ ላይ ጣሉት።

ከዚያ ሙቀቱ ማጠር ያዘ። ድሮ ሦስት ሰው የሚያጥበው ቦይለር ለአንድ ሰው ራስ የማይበቃ ሆነ። ከዚያም ማፍሰስ መጣ። ከቧንቧው መጋጠሚያ ቢሆን ምንም አልነበረ፤ የሚያፈሰው ከራሱ ከሆዱ ነው። ጋሼ መጥተው ማስቲሽ ለቀለቁበት። ማስቲሹ ሲለቅ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከካላማዳሪያ፣ ቆርጠው በሽቦ ጠፍረው አሰሩት። ነጩ ቦይለር ወገቡን የታሰረ በሽተኛ መሰለ። ካላማዳሪያው ዳር ዳሩን ማንጠባጠብ ሲጀምር ደግሞ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጡለት።

«ሲሞላ ትደፊዋለሽ» አሉ በእርካታ እጃቸውን እየጠረጉ። «ውሃው እንኳ አይባክንም፤ ለአበቦችሽ ይሆናል።»

ማስተዋል አበባ የላትም።

ከብልሽቱ ይልቅ የሚያደክማት ጥገናው ነበር። ጋሼ ስጦታው ሲመጡ ለአንድ ቀን አይመጡም። መታጠቢያ ቤቱን ሲፈቱና ሲገጥሙ፣ እሷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ በር ላይ ትቆማለች። «ማስቱ፣ ጨርቅ አቀብይኝ!» «ማስቱ፣ ቆጣሪውን አጥፊው!» «ማነው ያጠፋው? አብሪው እንጂ!» የጾም ከሆነ ሽሮው፣ የፍስክ ከሆነ ዶሮው የሷ ዕዳ ነው። ጋሼ ከሄዱ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ግራሶ የተለጠፈበት ፎጣና የሆነ ቡሎን ነው። ሁልጊዜ አንድ ቡሎን ይተርፋል። «ጋሼ፣ ይሄ ከየት የወጣ ነው?» ብላ ስትጠይቅ «እሱ አያስፈልግም ነበር» ይሏታል።

አንድ ጊዜ አዲስ ልግዛ ብላ ነበር። በስልክ፣ ቀስ ብላ፣ ቃሏን መርጣ ነገረቻቸው። ጋሼ ስልኩን ዘጉት። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥተው፣ ሳጥናቸውን ሳይከፍቱ ሳሎን ተቀመጡና ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ደምለው ቢኖር ይህን ትይ ነበር?»

ማስተዋል የዚያን ቀን ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነው ያስለቀሳት። እሷ ለራሷ ማጠቢያ ዕቃ መለወጥ የምትችል፣ የራሷ ደመወዝ ያላት ሴት ናት። ግን የሞተ ሰው ስም ከተጠራ በኋላ እሺ ከማለት በቀር ሌላ መንገድ አልታያትም። ቦይለሩን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ትታ፣ ውሃ በድስት እያፈላች በጆግ መታጠብ ጀመረች። ቦይለር ያለው ቤት ውስጥ። ሰው ሲጠይቃት «ቦይለርማ አለን» ትላለች፤ ውሸት አይደለም።

በዚህ መሃል ጸደንያ ደብረ ማርቆስ ሥራ ይዛ፣ እዚያው አግብታ ፀነሰች፤ እናቷ ዘንድ ለመታረስ ወሯ ሲገባ ቢቸና መጣች። ሴት ልጅ ወለደች። የሌላ ሰው ልጅ ስትቀበል የኖረችው ማስተዋል የልጇን ልጅ ታቅፋ ለማንም አልሰጥ አለች። ቤቱ በገንፎና በእልልታ ሞላ። ከገንፎና ከእልልታ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ግን ሙቅ ውሃ ነው። ለአራሷ፣ ለሕፃኗ፣ ለጨርቁ፤ ጧትና ማታ፣ ሳያቋርጥ። ድስቱ አልችል አለ። ማስተዋል ሳትወድ በግዷ ቦይለሩን አበራችው። ባልዲው ከሥሩ፣ ካላማዳሪያው ከወገቡ፣ ጓጓታው ከሆዱ እንዳለ ሞቀ።

ጸደንያ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከመኝታ ቤት ብቅ ስትል፣ እናቷ «ቆዪ፣ ሙቀቱን ልየው» ብላ ቀደመቻት። በባዶ እግሯ እርጥቡ ወለል ላይ ቆማ የቧንቧውን ራስ ያዘች። እጇን እስከ ትከሻዋ ነዘራት። የያዘችው ሳፋ ግድግዳው ላይ ተላትሞ ወደቀ፤ እሷ በሩ ላይ ተደግፋ ቀረች። ጣቶቿ የሷ አልመስላት አሉ።

«እማዬ!»

«እንዳትገቢ! እግርሽን እንዳታነሺ!»

ቆጣሪው ዘንድ በግድግዳ ተደግፋ ሄዳ አጠፋችው። ከዚያ ኮሪደሩ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጸደንያ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ እጇን ታሸት ነበር። ማስተዋል ግን እጇን አላሰበችም። ቆዪ ባትላት ኖሮ የምትገባው ልጇ ናት፤ ከወሊድ የተነሳች፣ የደከመች፣ ከላይ እስከ ታች የረጠበች። በር ዘግታ።

ስልኩን አንስታ ሞጣ ደወለች።

«ጋሼ፣ ቦይለሩ ነዘረኝ።»

«ምን ያህል ነዘረሽ?»

ማስተዋል ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ መልሳ ለጠፈችው።

«ምን ማለት ነው ምን ያህል? ነዘረኝ እኮ ነው የምልዎት!»

«እሱማ ገባኝ። ትንሽ ነው ወይስ ብዙ? ትንሽ ከሆነ ኮረንቲውን ወደ መሬት የሚያወርደው የምድር ገመድ ነገር ነው፤ እኔ መጥቼ አየዋለሁ። እስከዚያ ጸደንያ ላስቲክ ጫማ አድርጋ ትታጠብ።»

«አራስ ልጅ ላስቲክ ጫማ አድርጋ ሻወር ትግባ?»

«ያልተቀደደ ይሁን እንጂ ምንም አይላት።»

ማስተዋል ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች። «መቼ ይመጣሉ?»

«እግሬን ወለም ብሎኝ ነው እንጂ ነገውኑ እመጣ ነበር። ትንሽ ቀን ስጪኝ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። ባለሙያ ነኝ የሚል ሁሉ አስገብተሽ እንዳታስበላሺው።»

«እንዳላስበላሸው» አለች ማስተዋል ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለግድግዳው። «እሺ፣ እንዳላስበላሸው።»

ጸደንያ ሳቋ መጣ። እናቷ ግን አልሳቀችም። የዚያን ቀን ነው የቆረጠችው። ውሃው ሲቀላ፣ ቦይለሩ ሲጮኽ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሲያፈስ፣ ሁሉንም አይታለች፤ አንዱም ምልክት አላመለጣትም፤ ቁርጥ አድርጎ የሚናገር ብቻ ነበር የጠፋው። ሰው ታሞ ቢመጣባት ከሁለተኛው ምልክት በኋላ ወደ ሆስፒታል ትልከው ነበር። በገዛ ቤቷ ግን አምስተኛው እስኪመጣ በይሉኝታ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ከጋሼ ይልቅ የተናደደችው በራሷ ነው።

ቢቸና ገበያ ብትጠይቅ የቀረው ቧንቧ ላይ የሚገጠመው ትንሹ ማሞቂያ ብቻ ነው አሏት፤ እሱን ደግሞ አላመነችውም። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ በዚያ ሳምንት ተዘግቶ ነበር። ባለሱቁ «ሞጣ የማያጡት ነው» አላት። ሞጣ! ከከተማ ሁሉ ሞጣ! ጋሼ ስጦታው እያንዳንዱን ባለጋራዥ፣ ባለባጃጅና ባለሱቅ በስሙ የሚጠሩባት ከተማ!

ቢሆንም ሄደች። ጸደንያንና ሕፃኗን ለአስናቀች አደራ ብላ፣ ቅዳሜ በጧት ከቢቸና መናኸሪያ ሚኒባስ ያዘች። ደብረ ወርቅ ላይ ሲቆሙ ከውጭ የሚያውቃት ሰው ያለ መስሏት ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ሳበች። ከዚያ በራሷ ተናደደች። ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው? ሞጣ ስትወርድ ግን አሁንም ነጠላዋን አልገለጠችም።

ሱቁ ቧንቧ፣ የመጸዳጃ ዕቃና ቀለም የሚሸጥ ሰፊ ሱቅ ነው። ባለቤቷ ብሩክታይት የምትባል ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት። ማስተዋል የምትፈልገውን ስትነግራት የሚታየውን ሁሉ ከማሳየቷ በፊት ጠየቀቻት።

«አሮጌው ምን ሆኖ ነው እትዬ? አንዳንዱ ትንሽ ዕቃ ተለውጦለት ይድናል፤ ዝም ብዬ አዲስ ላሸክምዎት አልፈልግም።»

ማስተዋል ነገረቻት። ስለ ቀይ ውሃው፣ ስለ ጓጓታው፣ ስለ ካላማዳሪያውና ስለ ባልዲው፣ በመጨረሻም ስለ መንዘሩ። ማስተዋል ካላማዳሪያው ላይ ስትደርስ ብሩክታይት ፈገግ ብላ ነበር፤ መንዘሩ ላይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«በሉ ይሄ አለቀለት። ከመጋጠሚያው ቢያፈስ ጎሚኒው፣ ላስቲኩ፣ ይለወጥለታል፤ ማሞቂያው ቢቃጠል ማሞቂያው ይለወጣል። ከሆዱ ካፈሰሰ ግን ከውስጥ በልቶታል ማለት ነው፤ በማስቲሽ የሚያዝ ነገር የለም። መንዘሩማ ሳይነዝርዎት ነበር መጣል።»

«አውቃለሁ» አለች ማስተዋል። አባባሏ የቁጣ ስለመሰላት ለሴትዮዋ አዘነችና «አውቅ ነበር እህቴ፤ ዘመድ ነው የሚጠግነው» ብላ አለዘበችው።

«ኧረ ዘመድ! ተዉኝ እስቲ። ባለፈው እዚህ አንድ መካኒክ አሉ፣ የተከበሩ ሰው፣ የራሳቸውን እንዲሁ ሲጠጋግኑ ሲጠጋግኑ ፈነዳባቸው። እግራቸው ተቃጥሎ፣ በሰው ተደግፈው መጥተው ነው አዲስ የወሰዱት። ‹ለሰው እንዳትናገሪ› አሉኝ።» ብሩክታይት አፏን በእጇ ከደነች። «ይኸው ተናገርኩ።»

ማስተዋል ነጠላዋን ከግንባሯ ላይ አወረደች።

«ስማቸው ማነው?»

«ኧረ እሱን እንኳ...»

«ስጦታው ናቸው?»

ብሩክታይት ደንግጣ ዓይኗን ወደ መደርደሪያው አሸሸች።

ማስተዋል ቦይለሩን መርጣ፣ አስቀምጪልኝ ብላ፣ ባጃጅ አስቁማ ገባች። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ እየዘለለ ሲሄድ ንዴቷ አብሮ ይዘል ነበር። ለራሳቸው አዲስ! ለእኔ ካላማዳሪያ! ላስቲክ ጫማ!

የጋሼ ሚስት እትዬ ስርጉት በር ከፍተው ሲያዩዋት ደነገጡ፤ ስመዋት ሳይጨርሱ ዓይናቸው ወደ ጓዳ ሮጠ። ጋሼ ስጦታው ሳሎን መደብ ላይ ተጋድመዋል፤ እግራቸው በጋቢ ተሸፍኗል። በተከፈተው የመታጠቢያ ቤት በር አዲስ ነጭ ቦይለር፣ ፕላስቲኩ እንኳ በቅጡ ሳይላጥ፣ ግድግዳው ላይ ያበራል።

«ማስቱ! ምነው በደህና? ሕፃኗ...»

«ሕፃኗ ደህና ናት። እግርዎን ያሳዩኝ።»

«ወለምታ ነው አልኩሽ እኮ። ታሽቷል።»

ማስተዋል ጋቢውን ገለጠችው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ቅልጥም ድረስ ቆዳው ተገሽልጦ፣ የጥርስ ሳሙና ተለቅልቆበት፣ ዳር ዳሩ መግል ቋጥሯል። ለአንድ አፍታ ዋርሳዋ መሆናቸውን፣ ታላቋ መሆናቸውን ረሳች።

«የጥርስ ሳሙና! ማነው የጥርስ ሳሙና የቀባው?»

«ያቀዘቅዛል ብለው...» አሉ ጋሼ።

«እትዬ ስርጉት፣ ውሃ ያፍሉልኝ። ጨው ያለው አይደለም፣ እንዲሁ ይፍላና ይቀዝቅዝ። ከመድኃኒት ቤት የማዝዘውን የሚያመጣ ሰው ይፈልጉልኝ።»

እትዬ ስርጉት እንደ ወጣት ሮጡ። ዕቃው መጣ፤ ማስተዋል እጅጌዋን ሰብስባ ቁስሉን ማጠብ ጀመረች። እጇ የለመደውን ሥራ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ አፏ ግን ለዓመታት ያልለመደውን ይናገር ነበር።

«ያን ዕለት ስደውል፣ እግርዎ እንዲህ ሆኖ ነበር?»

ጋሼ ጣሪያውን አዩ። «ሆኖ ነበር።»

«የፈላ ውሃ ፈንድቶብዎት፣ አዲስ ገዝተው አሰቅለው፣ ለእኔ ልጅ ላስቲክ ጫማ ትጫማ አሉኝ?»

«ቀስ በይ፣ ያማል።»

«ይመም! ምን አስበው ነው ጋሼ? እስቲ ይንገሩኝ፣ እኔም ልወቀው። ለራስዎ ሲሆን ያልቃል፣ ለእኔ ሲሆን አያልቅም?»

ጋሼ ስጦታው ጣሪያውን እንዳዩ ተናገሩ። «የኔን ቦይለር ሰው አወረደልኝ፤ ወረደ፣ ተጣለ፣ ምንም አላልኩም። ያንቺን ግን ደምለው ከሥር በትከሻው ደግፎ፣ እኔ ቡሎን እያሰርኩ ነው የሰቀልነው። ‹ቶሎ በል፣ ትከሻዬ ወለቀ› እያለ ይሰድበኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ላይ የሠራነው ሥራ የለም። በመጣሁ ቁጥር ላወርደው አስባለሁ፤ ስነካው እንደገና አስረዋለሁ።»

ማስተዋል እጇ ቆመ። ይህን አልጠበቀችም። ለጥቂት ጊዜ ንዴቷን የት እንደምታደርገው አጣች። ከዚያ ግን የወደቀው ሳፋ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ የጣለችው ልጇ ታወሷት።

«ጋሼ፣ ‹ደምለው ቢኖር› እያሉ ስንት ጊዜ አፌን አዘጉኝ። ዛሬ እኔ ልበልዎት። ደምለው ቢኖር ልጁን የሚነዝር ዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን አያሳድርም ነበር። አንድ ቀን! በመዶሻ ነበር የሚያወርደው። ባሌን የማውቀው እኔ ነኝ!»

ድምጿ ግቢው ድረስ ተሰማ። እትዬ ስርጉት በር ላይ ፎጣ ይዘው ቆመው ነበር።

«እሰይ!» አሉ። «እኔ ይህን ቃል የሚናገር ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።»

«አንቺ ደግሞ!» አሉ ጋሼ፤ ግን አልተቆጡም። ፋሻው እስኪታሰር እግራቸውን አመቻችተው ሰጧት። ማስተዋል ተነሥታ እጇን ስትታጠብ፣ ከአዲሱ ቦይለር የወረደው ውሃ ያቃጥል ነበር።

«ልምጣና ላውርደው» አሉ ጋሼ ስትሰናበታቸው።

«እግርዎ እስኪድን ከዚህ መደብ ንቅንቅ አይሉም። ፋሻውን በየሁለት ቀኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ያስቀይራሉ። እትዬ፣ በእርስዎ ጥዬዋለሁ።»

አዲሱ ቦይለር በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከበግ ጋር ታስሮ ቢቸና ገባ። በማግስቱ ከሰዓት ቧንቧ ሠራተኛው አንዷለም ሊሰቅለው መጣ። ማስተዋል ጋሼን ሞጣ ትታ የመጣች መስሏት ነበር፤ ተሳስታለች። አንዷለም መሰላሉ ላይ ሳይወጣ ስልኳ ጮኸ።

«ማነው የሚሠራው? ስጪኝ እስቲ።»

ሰጠችው። አንዷለም ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ወሽቆ «እሺ ጋሼ... ገባኝ ጋሼ... አዎ ጋሼ...» እያለ ይፈታል። ዘግቶ አምስት ቡሎን ሳይፈታ እንደገና ይጮኻል። «ቆጣሪውን አጥፍቷል?» «ውሃውን ዘግቷል?» «ከሥሩ ሰው ይደግፍለት፤ ከባድ ነው።» አንዷለም በመጨረሻ «እትዬ፣ እኚህን ሰው አንድ ነገር ያድርጉልኝ» አላት። ማስተዋል ስልኩን ወስዳ ትራስ ሥር ቀበረችው። ትራሱ ሥርም ይንዘፈዘፍ ነበር።

አሮጌው የወረደው ሁለት የጎረቤት ወንዶች ተጨምረው፣ ሁሉም እያቃሰቱ ነው። ግቢው ውስጥ ገልብጠው ሲያራግፉት ጥቁር ዝቃጭና ነጭ ፍርፋሪ ተዘረገፈ። አንዷለም ካላማዳሪያውን ቆርጦ ጥሎ፣ ሆዱን በመፍቻው ጫፍ ቢገፋው መፍቻው እንደ ሊጥ ቀዶት ገባ። ጸደንያ ሕፃኗን ታቅፋ በረንዳ ላይ ቆማ ነበር፤ ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት። ማስተዋልም ያንን ቀዳዳ ብዙ አየችው። ስንት ጊዜ ከሥሩ ቆማ ታጥባለች!

ስልኩን ከትራስ ሥር ስታወጣው ጋሼ አሁንም እየደወሉ ነበር፤ አነሳችው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ከዚያ አልደውልም። የምድር ገመድ አድርጎለታል?»

አንዷለም ከመሰላሉ ላይ ሰምቶ «አዎ፣ አሁን እያሰርኩለት ነው፤ የድሮው ጨርሶ አልነበረውም» አለ።

«ያኔ ነገ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «ረሳሁት።» አጠገባቸው እትዬ ስርጉት የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ስልኩ ተዘጋ። ማስተዋል ስልኩን እንደያዘች አንዷለም የሚያስረውን ገመድ አየች። ያን ሁሉ ዓመት!

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ጸደንያ ከወለደች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ታጠበች። ማስተዋል በሩ ላይ ቆማ «እንዴት ነው? በቃሽ? ነዘረሽ?» እያለች አላስታጥብ አለቻት፤ ጸደንያ ከውስጥ «እማዬ፣ ሂጂና ቁጭ በይ!» ብላ ጮኸች። ከጸደንያ ቀጥላ እሷ ገባች፤ አረፋዋን ሁለት ጊዜ አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ አለቀለቀች። ውሃው አልቀዘቀዘም።

የሕፃኗ ክርስትና ዕለት ጋሼ ስጦታው ከእትዬ ስርጉት ጋር መጡ። እግራቸው ድኗል፤ ትንሽ ያነክሳሉ። ሳጥናቸውን አላመጡም፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስል ኪሳቸው ከተው ያወጡታል። ማስተዋል አዲሱን ቦይለር ልታሳያቸው መታጠቢያ ቤቱን ከፈተችላቸው። አንገታቸውን አስግገው የምድር ገመዱን ተከትለው እስከ መሬት አዩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወጡ። ሳሎን ሲመለሱ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው። እንደ ብርጭቆ ይዘዋት ድርቅ ብለው ተቀመጡ።

ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ምግብ ሲቀርብ ማስተዋል ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ጋሼ ሕፃኗን ለእትዬ ስርጉት አቀብለው ተነሥተው አገኘቻቸው። ሲጢጥ የሚለውን የወጥ ቤቱን በር ወደፊት ወደኋላ እያወዛወዙ፣ ጆሯቸውን ማጠፊያው ላይ ደቅነዋል።

«ይሄ በር ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚለው?»

«ጋሼ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

«ቆይ እንጂ፣ ትንሽ ነገር ነው። መፍቻ የለሽም?»

ማስተዋል ትሪውን እንደያዘች ረዥም ተነፈሰች። ከዚያ ትሪውን አስቀምጣ፣ መፍቻ ፍለጋ ሄደች።